ለአንድ ከበሮ ስንት ማይክሮፎን ይበቃል?

ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቆላ ድባ በነጋዴው ዘንድ ስሟ የሚነሳው በእህልና በቅመማ ቅመም ነው። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ ጤፉን፣ ሽንብራውንና ጥቁር አዝሙዱን የሚያራግፈው በዚህችው ከተማ ነው። ይሁንና አካባቢው ከእህል ሌላ ለገበያ የሚወጣ ሀብት አለው፤ ይኸውም ድምፅ ነው። የአቋቋም ማስመስከሪያ የሆነው የጎንደር በአታ እዚያው ጎረቤት ነው። በአዝማሪዎቿ የታወቀችው ቡርቧክስም ከጎንደር ብዙ አትርቅም። በየሠርጉና በየንግሡ የሚመታው ከበሮ ደግሞ ሁሉንም ያገናኛል።

ይህን ድምፅ ቀርጾ መሸጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጣቶች ሥራ ሆኗል። ካሜራ ይዞ ሠርግ የሚያነሳው ወጣት ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ የተንኮሻኮሸ ሲሆንበት ደንበኛ እንደሚሸሸው ስለተረዳ ፊቱን ወደ ማይክሮፎን አዙሯል። የመዝሙርና የባህል ዘፈን የሚያስቀርጹም አሉ። ገንዘቡ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ከኪስ ይጀምራል፤ ለአንድ ከበሮ ስንት ማይክሮፎን ይበቃል?

መልሱ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። አንድ ጥሩ ማይክሮፎን ሥራ ያስጀምራል፤ ሁለት ካሉ ሞልቷል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ብር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ሌላ ሰው ነው።

የሰባቱ ማይክሮፎን ወጥመድ

በሙዚቃ መሣሪያ መደብሮች "የድራም ማይክ" ተብሎ በአንድ ሣጥን የሚሸጥ ሰባት ማይክሮፎን የያዘ ዕቃ አለ። ሣጥኑ ሲከፈት ያምራል። በውጭ ገበያ ርካሹ ከ150 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ ስለሚገኝ ለሰባት ሲካፈል የእያንዳንዱ ዋጋ የሚያስቅ ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ገዢ የሚታለለው።

አንደኛ፣ ዕቃው የተሠራው ለፈረንጁ ድራም ነው። ያ ድራም በእግር የሚመታው ትልቁ፣ በእንጨት የሚመታው ስኔር፣ ሦስቱ ቶም እንዲሁም ከላይ የሚሰቀሉት የነሐስ ሳህኖች ስላሉት ሰባት ቦታ ማይክሮፎን ይጠይቃል። ከበሮ ግን ሁለት አፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሰፊውና ጠባቡ። ለሁለት አፍ ሰባት ጆሮ መግዛት ለአንድ በሬ ሰባት ቀንበር እንደመግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ማይክሮፎን ብቻውን አይመጣም። እያንዳንዱ የራሱ ገመድ፣ የራሱ መቆሚያና ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው የራሱ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሁለት ቀዳዳ ያለው ሳውንድ ካርድ በውጭ ገበያ 100 ዶላር አካባቢ ሲገኝ፣ ስምንት ቀዳዳ ያለው ግን ከ250 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ሰባት ማይክሮፎን የገዛ ሰው እንግዲህ ሳይወድ በግድ ስምንት ቀዳዳም ሊገዛ ነው።

ሦስተኛ፣ ማይክሮፎን በበዛ ቁጥር ስህተቱም ይበዛል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በተለያየ ርቀት የቆሙ ማይክሮፎኖች አንዱን ምት በተለያየ ጊዜ ስለሚሰሙ ሲደባለቁ ድምፁ ይሳሳል፤ ወፍራሙ ምት ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ይህን የሚያስተካክል ልምድ ያለው ሰው ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ ታሽጎ አይመጣም። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለማይክሮፎኑም ይሠራል።

በጥቂቱ የሠሩ ታላላቆች

ጥቂት ማይክሮፎን የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የድምፅ ባለሙያ ግሊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሌድ ዜፕሊን የተባለውን የሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ለንደን ውስጥ ሲቀርጽ ሙሉውን ድራም የያዘው በጥቂት ማይክሮፎኖች ነበር። ዘዴው ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ በሦስት ወይም በአራት ማይክሮፎን ብቻ ይሠራል። ምስጢሩ ከላይና ከጎን የሚቆሙት ሁለቱ ማይክሮፎኖች ከስኔሩ እኩል ርቀት ላይ እንዲሆኑ በገመድ መለካቱ ነው። ገመድ ደግሞ ርካሽ ነው።

በአገራችንም አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ሸክላዎች የተቀረጹት ባንዱ በአንድነት ተሰብስቦ እየተጫወተ ነበር። እነዚያ ሥራዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም አማካይነት ዓለምን ዞረዋል። ገዢው የወደደው የተጫዋቹን እጅና የክፍሉን ድምፅ እንጂ የማይክሮፎኑን ብዛት አይደለም።

የትኛው ይገዛ?

ማይክሮፎን በሁለት ትልልቅ ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ዳይናሚክ ይባላል። ውስጡ በማግኔት መሐል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ ነው። ከራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ጠንካራ ምት አያስደነግጠው፤ ቢወድቅም ብዙውን ጊዜ ተነስቶ ይሠራል። ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። ይህኛው ረቂቅ ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ፋንተም ፓወር የሚባለውን 48 ቮልት ከሳውንድ ካርዱ ይጠይቃል፤ አቧራና እርጥበትም አይወድም።

በጠባብ በጀት ለከበሮ መጀመር ያለበት በዳይናሚኩ ነው። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ወደ ከበሮው ተጠግቶ መሥራት መቻሉ ነው። በቆላ ድባ ዓይነት ከተማ ስቱዲዮ ማለት ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ነው። ውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ ጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፣ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ራቅ ብሎ የቆመ ኮንደንሰር ይህን ሁሉ ከከበሮው ጋር ይቀርጻል። ዳይናሚኩ ግን ወደ ከበሮው ሲጠጋ በአብዛኛው ከበሮውን ብቻ ይሰማል። ሲጠጋ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ ይህ ጠባይ ለከበሮ ሰፊ አፍ ተስማሚ ነው።

በዚህ ጎራ ለረጅም ዓመታት የተፈተነው ሹር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ኤስ ኤም 57 ነው። ከ40 ኸርዝ እስከ 15 ሺህ ኸርዝ ይሰማል። ዋጋው በውጭ ገበያ 100 ዶላር አካባቢ ነው። በተከታዩ ዓመት የወጣው ወንድሙ ኤስ ኤም 58 ለዘፋኝ ተብሎ ቢሠራም ከበሮም ይቀርጻል። ስለዚህ ዘፋኝም ከበሮም በተራ የሚቀርጽ ሰው አንዱን ለሁለት ሥራ ማዋል ይችላል። ከዚህ በታች ያለ አቅም ላለው ቤሪንገር ኤክስ ኤም 8500 በ25 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ የድምፁ ጥራት ከዋጋው በላይ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው።

ለእግር ድራም ተብሎ የሚሸጠው ኤ ኬ ጂ ዲ 112 ዓይነት ማይክሮፎን እስከ 20 ኸርዝ ወርዶ ይሰማል፤ ዋጋው ግን የኤስ ኤም 57 እጥፍ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ዘፋኝ ወይም ማሲንቆ ፊት ቢያቆሙት አያምርም። ገና ለጀመረ ሰው አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃ መግዛት ካፒታልን ማሰር ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሦስተኛ ምርጫም አለ። ዙም የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራቸው በእጅ የሚያዙ መቅረጫዎች ሁለት ማይክሮፎን በራሳቸው ላይ አላቸው፤ በትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ኮምፒውተርም ሳውንድ ካርድም አይጠይቁም። ትንሹ 100 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ የውጭ ማይክሮፎን የሚቀበለው ከ200 ዶላር በላይ ይሄዳል። ሠርግ ቤት ለቤት እየዞረ ለሚቀርጽ ሰው ከስቱዲዮ ዕቃ ይልቅ ይህ ሊያዋጣ ይችላል።

ከበሮ ይሄዳል

ማይክሮፎን ከመግዛት በፊት የሚቀረጸውን ነገር ማወቅ ግድ ነው። የማኅሌት ከበሮ መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፤ ዝማሬው እየሞቀ ሲሄድ መቺው በማንገቻው አንገቱ ላይ አድርጎት ይነሳል፤ ያዘነብላል፤ ይዞራል። የሠርጉም ከበሮ እንዲሁ ከጨፋሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ፈረንጁ ድራም ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የውጭ መመሪያ አንብቦ ማይክሮፎኑን አፉ ሥር የተከለ ሰው መቺው ሲነሳ ባዶ አየር ይቀርጻል፤ ይባስ ብሎም መቆሚያው ተገፍቶ ይወድቃል።

ስለዚህ አሠራሩ ሁለት ነው። ከበሮው ተቀምጦ ወይም መቺው በአንድ ቦታ ቆሞ የሚቀረጽ ከሆነ አንዱ ማይክሮፎን ከሰፊው አፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከምቱ የሚወጣው ንፋስ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ጋደም ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው ካለ በጠባቡ አፍ በኩል እንዲሁ ይቆማል። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከመቺው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደረት ከፍታ፣ ለሁለቱም አፍ እኩል ሆኖ ይቆማል። ከበሮው የሚሄድ ከሆነ ግን ማይክሮፎኑ ከፍ ተደርጎ ከራቅ ካለ ቦታ መስማት አለበት። ለዚህ በእጅ የሚያዘው መቅረጫ ወይም ጥንድ ኮንደንሰር ይሻላል። የቤሪንገር ሲ 2 ጥንድ ከ60 እስከ 70 ዶላር ይሸጣል።

በሁለት ማይክሮፎን ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንዱ ቆዳ ሲመታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በውስጡ ያለው አየር ተገፍቶ የማዶውን ቆዳ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ስለሆነም ሁለቱ ማይክሮፎኖች የሚሰሙት ተቃራኒውን ነው፤ እንዳለ ሲደመሩ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርስ ይሰርዙታል። መድኃኒቱ በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ላይ የአንዱን ፖላሪቲ መገልበጥ ነው። አንድ ቁልፍ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ይህን ያላወቀ ሰው ግን "ማይኩ ባስ የለውም" ብሎ ሌላ ማይክሮፎን ሊገዛ ይሄዳል።

ክፍሉም እንዲሁ ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ያስተጋባል። ጋቢ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ፍራሽ ወይም የደምቢያ አውድማ የማያጣው ጭድ የሞላበት ኩንታል ማስተጋባቱን ይቀንሳል። ጭዱ ከሽቦና ከሶኬት መራቅ እንዳለበት ግን መዘንጋት አይገባም። ከ5 ሺህ ብር በታች የሚወጣበት ክፍል 20 ሺህ ብር ከተጨመረበት ማይክሮፎን የተሻለ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሒሳቡ

እንደሚታወቀው ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ምንዛሪው ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዛወር የነበሩ ነጋዴዎች ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። ለስሌት እንዲመች ዶላሩ በ140 ብር ቢያዝ፣ በ57 ብር ዘመን 5,700 ብር የነበረው ባለ 100 ዶላር ማይክሮፎን አሁን 14,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ሲታከልበት 16,100 ብር ይደርሳል። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ማነጻጸር ይቻላል። አንድ ጥሩ ዳይናሚክና ባለ ሁለት ቀዳዳ ሳውንድ ካርድ በድምሩ 200 ዶላር ነው፤ 28,000 ብር፤ ከታክሱ ጋር 32,200 ብር። ሰባቱ ማይክሮፎን በ200 ዶላር፣ ስምንት ቀዳዳው በ250 ዶላር ቢገዛ 450 ዶላር ነው፤ 63,000 ብር፤ ከታክሱ ጋር 72,450 ብር። ከአንድ ቀረጻ ወጪ ተቀንሶ 2,000 ብር ይተርፋል ቢባል የመጀመሪያው በ17 ቀረጻ ዋጋውን ይመልሳል፤ ሁለተኛው 37 ቀረጻ ይፈልጋል። ከ17 እስከ 37 ባለው መሐል ያሉት 20 ሥራዎች የባለቤቱ ኪስ ይገባሉ ወይስ ዕዳ ይከፍላሉ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው ገበያው ወቅት ያለው መሆኑ ነው። ዋናው የሠርግ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆማል። በቤተ ክርስቲያንም በጾሙ ወራት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ ደግሞ እንደ ዓመቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። 37 ቀረጻ በአንድ ወቅት ማግኘት ለቆላ ድባ ባለሙያ ከባድ ነው፤ 17 ግን ሊደረስበት ይችላል።

መንገዱም ሌላ ስጋት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት የአማራ ክልል ግጭት ወዲህ ዕቃ ከአዲስ አበባ አዝዞ በቀጠሮ ቀን መቀበል አስተማማኝ አልሆነም። ስለዚህ ቢበላሽ በአካባቢው ብየዳ የሚጠገን ገመድና በቀላሉ የማይሰበር ዳይናሚክ መያዝ ከዋጋው በላይ ጥቅም አለው።

ለአስመጪው፣ ለቸርቻሪውና ለደላላው

ከዚህ የሚማረው ገዢው ብቻ አይደለም። በክፍለ ሀገር ከተሞች የሚሸጥ ሰው ሰባት የያዘውን ሣጥን ከማከማቸት ይልቅ ነጠላ ዳይናሚክ፣ ጥንድ ኮንደንሰር፣ መቆሚያ፣ ስፖንጅ፣ ባትሪ ድንጋይና በሜትር የሚሸጥ ገመድ ቢይዝ ዕቃው ቶሎ ይዞራል። ገዢው አንድ ገዝቶ ከሠራ በኋላ ለሁለተኛው ተመልሶ ይመጣል። በሣጥኑ የከሰረ ደንበኛ ግን አይመለስም።

ሌላው ጉዳይ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ታዋቂዎቹ ማይክሮፎኖች በዓለም ላይ በብዛት በሐሰት ይሠራሉ፤ ሣጥናቸውና ጽሑፋቸው ከእውነተኛው ጋር አንድ ሊመስል ይችላል። ለነጋዴ ግን ሚዛን ቅርብ ነው። እውነተኛው ኤስ ኤም 57 ክብደቱ 284 ግራም ነው፤ ኤስ ኤም 58 ደግሞ 298 ግራም። ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለው ከበድ ይላል። የወርቅ ወይም የቅመም ሚዛን ላይ ተቀምጦ በብዙ ከቀለለ ዋጋ መነጋገሩን ማቆም ነው። መክበዱ ብቻውን ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ በአንድ ገንዘብ ከመለያየት በፊት ከበሮ ፊት አቁሞ፣ ቀርጾና በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ መግዛት ይገባል።

ገዢ ከየት ይመጣል ለሚለውም ተስፋ አለ። በቆላ ድባ በኩል የሚደረስባት ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ ናት። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጥምቀት በጎንደር በየዓመቱ እንግዳ ይሰበስባል። ሰላሙ ሲጸና የሆቴልና የጉብኝት ሥራ የአካባቢውን ድምፅ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ዋጋ የሚኖረው ዛሬ በጥራት የተቀረጸው ነው።

ውሉ ከማይክሮፎኑ ይቅደም

ቀረጻው ንብረት የሚሆነው ግን በወረቀት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከያኒውም ለድምፅ ቀረጻ አዘጋጁም መብት ይሰጣል። የከበሮ መቺው፣ የአዝማሪው ወይም የዘማሪው ፈቃድ ሳይያዝ የተቀረጸ ሥራ ወደፊት የሚሸጥ ሳይሆን የሚያስከስስ ይሆናል። አንድ ገጽ የጽሑፍ ስምምነት፣ የክፍያው መጠንና የሁለቱ ወገን ፊርማ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን ለሚደረግ ቀረጻም የደብሩን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። አዋጁ የታተመው በነጋሪት ጋዜጣ መሆኑ ነገሩን ያሳምረዋል፤ ጋዜጣው ስሙን የወሰደው ዱሮ አዋጅ ከሚነገርበት ከበሮ ነውና።

እንግዲህ ጠባብ በጀት የያዘ ሰው የግዢ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ክፍሉን በጋቢና በፍራሽ ማልበስ፤ ቀጥሎ አንድ ጥሩ ዳይናሚክ፣ አንድ ጠንካራ መቆሚያና ባለ ሁለት ቀዳዳ ሳውንድ ካርድ፤ ያ ወጪውን ሲመልስ ሁለተኛው ዳይናሚክ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጥንድ ኮንደንሰር። ለመግዛትና ለመለማመድ አመቺው ጊዜ ደግሞ ሥራ የሚቀዘቅዝበት የጾሙ ወራት ነው። ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ሠርግ ሲጠራ ከበሮው ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም፤ ሙሽሮቹ አንድ ጊዜ ነው የሚጋቡት።